በሩ ክፍት ከሆነ ተጠርተዋል፦ በአድናቂዎች ጉባኤ የሆቴል ክፍል ግብዣን መታደምና ማዘጋጀት

ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ፣ ለአኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ወይም ለኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ ታሪክ) አድናቂዎች ጉባኤ ትኬት ቆርጠው፣ ከአዳራሽ አዳራሽ ሲዞሩ ውለው፣ ልክ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቦርሳቸውን አንግተው ወደ ቤት የሚመለሱ ወገኖቼን በየዓመቱ አያለሁ። ሁልጊዜም ያሳዝነኛል። የከፈሉበትን ነገር ግማሹን ሳያዩት ሄደዋል። ቀን መድረክ ላይ ያዳመጡት ደራሲ ውይይቱ ሲያበቃ ሰው ከብቦት በጎን በር ይወጣል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ግን ያው ደራሲ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ የአልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በወረቀት ሳህን ብስኩት ይዞ ከማንም ጋር ይጫወታል። ማንም ስል እርስዎንም ጨምሬ ነው።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሄድኩበት ጉባኤ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበት። ሳቅና ጨዋታ ከሚሰማበት ክፍት በር ፊት ቆምኩና ሳልገባ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። «ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት» እየተባለ ያደገ ሰው ያልተጠራበት ቤት መግባት ይከብደዋል። በዚያ ኮሪደር ክፍት በር ራሱ ጥሪ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ይህን መመሪያ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በእንግድነት ለሚሄድ፣ ሁለተኛው ራሱ ለሚያዘጋጅ ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን ግን ጉባኤዎቹ በሚታወቁበት በአውሮፓውያኑ አስቀምጫለሁ።

የግብዣውን ዓይነት መለየት

ልማዱ የቆየ ነው። የዓለም የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ፣ በተለምዶ ወርልድኮን የሚባለው፣ መጀመሪያ የተካሄደው በ1939 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲሆን 200 ያህል ሰዎች ተገኝተውበታል። በዚያው ጉባኤ፣ በአዘጋጆቹና በሌላ የአድናቂዎች ቡድን መካከል በነበረ ጠብ ምክንያት ስድስት ወጣቶች በር ላይ ተከልክለዋል። ከስድስቱ መካከል ኋላ ስመ ጥር ደራሲዎች የሆኑት ፍሬደሪክ ፖል እና ሲሪል ኮርንብሉዝ ነበሩ። የክፍት በር ልማድ ዋጋ ይበልጥ የሚታየኝ ይህን ሳስታውስ ነው።

ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀልለው የአስተናጋጅ ከተሞች የውድድር ግብዣ ነው። ወርልድኮን በየዓመቱ ከተማ ይቀይራል፤ የሚቀጥለውን ከተማ የሚመርጡትም አባላቱ በድምፅ፣ ከሁለት ዓመት አስቀድመው ነው። ስለዚህ ጉባኤውን ወደ ከተማቸው ለመውሰድ የሚፈልጉ ቡድኖች በሆቴል ክፍል ውስጥ ግብዣ ይጥላሉ፤ የአገራቸውን ጣፋጭ ያቀርባሉ፤ ስለ አዳራሻቸውና ስለ ሆቴላቸው ያስረዳሉ። እነዚህ ሰዎች እርስዎ እንዲገቡላቸው ይፈልጋሉ፤ የመጡት ለዚሁ ነውና። መጀመሪያ የሚገቡበት በር የእነሱ ይሁን።

ቀጥሎ ኮን ስዊት የሚባለው አለ። ጉባኤው ራሱ ለአባላቱ የሚከፍተው የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ሲሆን ሻይ፣ ቡና፣ ፍራፍሬ፣ አንዳንድ ጊዜም ትኩስ ምግብ በነፃ ይቀርብበታል። ብቻዎን ከመጡ ምሽትዎን እዚህ ይጀምሩ። እዚያ የሚያገለግሉት በጎ ፈቃደኞች የትኛው ፎቅ ላይ ምን እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

የሙዚቃ ክበብም አለ፤ ፊልክ ይባላል። አድናቂዎች ስለሚወዷቸው ታሪኮች ራሳቸው ግጥም ገጥመው፣ ጊታር ይዘው፣ በክብ ተቀምጠው ተራ በተራ ይዘፍናሉ። ስሙ የመጣው በ1950ዎቹ ከተፈጸመ የጽሕፈት ግድፈት ነው፤ የባህል ዘፈን ማለት የሆነውን «ፎክ» የሚለውን ቃል ሲተይቡ «ፊልክ» ሆኖ ወጣ፤ እንደዚያው ቀረ። ክበቡ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው የሚደምቀው። ድምፅዎ ባያምርም ግድ የለም፤ አዳምጦ መውጣትም ያስከብራል።

በግል ጥሪ ብቻ የሚገባባቸውም አሉ። ከእነዚህ የታወቀው፣ ወርልድኮን በየዓመቱ ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሥራዎች የሚሰጠው የሁጎ ሽልማት ተሸናፊዎች ግብዣ ነው። በ1976 ካንሳስ ሲቲ ላይ ደራሲዎቹ ጆርጅ አር አር ማርቲን እና ጋርድነር ዶዝዋ ሽልማቱ ላመለጣቸው ሰዎች በሆቴል ክፍል ውስጥ የጀመሩት ነው። እንዲህ ያለ በር ተዘግቶ ካገኙት አያንኳኩ፤ ቅርም አይበልዎ።

ጉባኤዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አትላንታ ውስጥ ከ1987 ጀምሮ የሚካሄደው ድራጎን ኮን በድልድይ የተገናኙ ትልልቅ ሆቴሎችን ይሞላል፤ እዚያ ለእንግዳ ሰው ግብዣው ያለው በክፍሎቹ ሳይሆን በሆቴሎቹ ሰፋፊ ወለሎች ላይ ነው። ከ2017 ወዲህ ዋሽንግተን ውስጥ የሚካሄደው ኦታኮንና ከዋሽንግተን አጠገብ ባለው ናሽናል ሃርበር ላይ የሚካሄደው ካትሱኮን የአኒሜ ጉባኤዎች ስለሆኑ ከታዳሚዎቻቸው ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ዕድሜዎ ከ18 በታች ከሆነ፣ ወይም ልጅዎን የሚልኩ ከሆነ፣ የማያውቁት ሰው የሆቴል ክፍል የሚባል ነገር አይታሰብ። ልጆቹ የሚሰበሰቡበት ክፍት ወለል፣ የጨዋታ አዳራሽና የፎቶግራፍ ቦታ ይበቃል፤ ደስታውም አይጎድልም።

ከመሄድዎ በፊት

ክፍል የሚይዙት ጉባኤው ከሆቴሉ ጋር በተስማማበት ቅናሽ ዋጋ ይሁን፤ ቶሎ ያልቃልና ምዝገባው በተከፈተ ዕለት ይያዙ። ሲይዙ «የግብዣ ፎቅ» ወይስ «ጸጥ ያለ ፎቅ» የሚል ምርጫ ካለ በጥሞና ያስቡበት። የግብዣ ፎቅ ላይ ተኝተው በጩኸት ቢማረሩ ሰሚ የለዎትም። ጸጥ ያለ ፎቅ ላይ ጮኸው ቢገኙ ደግሞ ይቅርታ የለም።

ነባር አድናቂዎች «አምስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚሉት ደንብ አላቸው፤ በየቀኑ ቢያንስ አምስት ሰዓት እንቅልፍ፣ ሁለት ሙሉ ምግብ፣ አንድ ጊዜ ገላ መታጠብ። የሚገርመው የሚጣሰው ሁለተኛው ነው። ሰው በብስኩትና በከረሜላ ሦስት ቀን ሊቆይ ይሞክርና በሦስተኛው ምሽት ይዝለፈለፋል። ወደ ግብዣ ከመሄድዎ በፊት እራት ይብሉ።

ጾመኛ ከሆኑ ቀኑን ያስሉ። ወርልድኮን ብዙ ጊዜ በነሐሴ ይውላል፤ የ2024ቱ የግላስጎውም ሆነ የ2025ቱ የሲያትል ጉባኤ ሙሉ በሙሉ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነው ያለፉት። መልካሙ ነገር በእነዚህ ግብዣዎች ምግብ ላይ ምልክት የማድረግ ልማድ መኖሩ ነው። «ቪጋን» የሚል ካዩ ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የለበትም። «ቬጀቴሪያን» የሚለው ግን ሥጋ አልባ መሆኑን ብቻ ነው የሚነግርዎት፤ ቅቤና አይብ ሊኖርበት ይችላል። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ጾሙን የፈታ ሰው አውቃለሁ፤ በጣም አዝኖ ነበር።

ማግኘትና መግባት

የግብዣ ማስታወቂያ የሚለጠፈው በአሳንሰሩ አካባቢ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳና በጉባኤው ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ ነው። አሁን አሁን ብዙ ጉባኤዎች ዲስኮርድ በሚባለው የመልእክት መተግበሪያም ያሳውቃሉ። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሰሌዳውን ይጎብኙና ሦስት የክፍል ቁጥሮች በወረቀት ላይ ይጻፉ። ከሦስት በላይ አያስፈልግም።

የሚሄዱበት ሰዓት ነገር ይወስናል። ግብዣው በተከፈተ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የሚገባ ሰው ባዶ ክፍል ውስጥ ከደከሙ አዘጋጆች ጋር ይገኛል። እኔ ግን ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ሰዓት ነው። አዘጋጁ ስምዎን ይይዛል፤ በኋላ የሚመጡትን እሱ ራሱ ያስተዋውቅዎታል። አምስት ሰዓት ላይ የገባ ግን ክፍሉ ጢም ብሎ፣ ሁሉም ክብ ሠርቶ፣ ጀርባ ብቻ ነው የሚያየው።

በሩ ላይ ሲደርሱ ባጅዎ (የጉባኤው መግቢያ መታወቂያ) ደረትዎ ላይ ይታይ። «ለሁሉም ክፍት ነው ወይ?» ብለው በር ላይ ያለውን ሰው ይጠይቁ። አዎ ካለ ይግቡ፤ መጀመሪያ አዘጋጁን ፈልገው ያመስግኑ፤ ከዚያ ምግብ ወይም መጠጥ ይያዙ። እጅዎ ላይ ኩባያ መኖሩ ብዙ ይረዳል፤ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ሊወጣ ያሰበ ይመስላል።

ጨዋታውን መጀመር

እዚህ ላይ የእኛ ሰላምታ ትንሽ መገራት አለበት። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም፣ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት፣ እጅን ይዞ ደኅንነትን ደጋግሞ መጠየቅ ለእኛ ፍቅር ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሰው ሳይፈቀድለት አይነካም። እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ ቢሉ ይበቃል፤ ያምራልም። ሁለተኛው ነገር ጥያቄያችን ነው። «የት ነው የምትሠራው? አግብተሻል? ልጆች አሉሽ?» አይጠየቅም። ብዙ ሰው ወደዚያ የሚመጣው ለሦስት ቀን ሥራውንና ቤቱን ለመርሳት ነው። «ዛሬ ከሰማኸው ውይይት የትኛውን ወደድከው?» ብለው ይጀምሩ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ራሱ ይቀጥላል።

ባጅ ላይ የሚንጠለጠሉ ባለ ቀለም ሪባኖች ጥሩ የወሬ በር ናቸው። ግብዣ አዘጋጆች፣ ክበቦችና ደራሲዎች ያድሏቸዋል፤ አንዳንዱ ሰው እስከ ጉልበቱ ድረስ አስረዝሟቸዋል። «ይህኛውን ከየት አገኘኸው?» ማለት ብቻ ለአሥር ደቂቃ ጨዋታ ይበቃል።

ዝነኛ ደራሲ ወይም ሠዓሊ ቢያገኙ መጽሐፍ አውጥተው ፈርሙልኝ አይበሉ፤ ለፊርማ ቀን ላይ የተመደበ ሰዓት አለ። ሥራውን እንደወደዱት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩትና እንደ ማንኛውም ሰው ያጫውቱት። የራስዎን ረቂቅ ለአሳታሚ ለመስጠት ከሆነ ደግሞ ግብዣው ላይ ፈጽሞ አያድርጉት፤ ጠዋት የሚገናኙበትን ቀጠሮ ብቻ ይያዙ።

ፎቶግራፍ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ካነሱም በኋላ ፌስቡክ ላይ ለማውጣት ለብቻው ይጠይቁ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሕይወቱን ለአሠሪው ወይም ለቤተሰቡ አልተናገረም። የእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የወጣ ፎቶ ከሰዓታት በኋላ አዲስ አበባ እናት ዘንድ ይደርሳል። የምትወደውን ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ቀለም ቀብታ የተደሰተች ልጅን በእኛ ምክንያት ችግር ውስጥ መክተት ግፍ ነው።

ስለ ደኅንነት

ይህን ክፍል ሳያነቡ አይለፉት። ኒው ዮርክ ኮሚክ ኮን በ2014 «ኮስፕሌይ (የገጸ ባሕርይ ልብስ መልበስ) ፈቃድ መስጠት አይደለም» የሚል ትልልቅ ሰሌዳ በየበሩ ያቆመው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰው ምንም ዓይነት ልብስ ቢለብስ፣ ንኩኝ አላለም። ጎራዴውን፣ ክንፉን፣ ፀጉሩን ለመንካትም ቢሆን ይጠየቃል።

ብቻዎን ከሄዱ የት ክፍል እንደገቡና ስንት ሰዓት እንደሚወጡ ለአንድ ወዳጅ ይላኩለት። የራስዎን የክፍል ቁጥር ሰው እየሰማ አይናገሩ። ከእጅዎ ያስቀመጡትን መጠጥ መልሰው አይጠጡት። ክፍት የነበረ በር ከውስጥ ከተዘጋና ሰዉ ከሳሳ ይውጡ፤ ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅብዎትም። የጉባኤውን የጥበቃና የአስተባባሪዎች ስልክ ቁጥር ቀን ላይ በስልክዎ ይመዝግቡት። ሌላ ሰው ሲጨነቅ ካዩም ዝም አይበሉ፤ «እህቴ፣ ከታች ይፈልጉሻል» ብሎ ሰውን ከአስጨናቂ ወሬ ማውጣት ደግነት ነው።

ጉባኤ ካለፈ በኋላ ጉንፋን የሚይዘው ብዙ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ጭምብል ማድረግ ማንንም አያስገርምም፤ ዋሽንግተን ላይ በዲሴምበር 2021 በተካሄደው ወርልድኮን ግዴታ ነበር።

የራስዎን ግብዣ ማዘጋጀት

ሁለት ሦስት ጉባኤ ከታደሙ በኋላ የማስተናገድ ፍላጎት ይመጣል። ይምጣ! ቤት ውስጥ እንግዳ ሲቀበሉ ያደጉ ሰዎች በዚህ ሥራ ላይ ከሌላው ቀድመን ነው የምንጀምረው። ቀደም ብለን የምንሳሳተውም በዚሁ ልምዳችን ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ ይቀድማል። በጉባኤው ኮሚቴ ውስጥ ከሆቴሉ ጋር የሚነጋገር ኃላፊ አለ፤ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ይጻፉለት። የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ክፍሉ በግብዣ ፎቅ ላይ እንዲሆን። ሁለተኛ፣ ሆቴሉ ከውጪ ለሚገባ ምግብና መጠጥ ያስከፍል እንደሆነና ጉባኤው ያንን ክፍያ አስቀርቶ እንደሆነ። ሦስተኛ፣ በሩን ከፍቶ ማቆየት ይቻል እንደሆነ፤ አንዳንድ ሆቴሎች በእሳት አደጋ ደንብ ምክንያት ይከለክላሉ። መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። በቃል የተፈቀደን ነገር የማታው ተረኛ አያውቀውም።

ክፍሉን በተመለከተ፣ በእኔ ግምት 30 ካሬ ሜትር ያህል የሆነ ተራ ክፍል ከ20 ሰው በላይ ሲይዝ ይጨነቃል። አቅም ከፈቀደ መኝታውና ሳሎኑ የተለያየ ሰፊ ክፍል ይያዙ፤ ወጪውን ሦስት አራት ሆነው በመዋጮ ይጋሩ። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና ኮምፒውተር ካዝና ውስጥ ወይም ወዳጅ ክፍል ይግቡ። አልጋው ላይ ሰው መቀመጡ አይቀርም፤ ከቤት ያመጡትን አንሶላ ያልብሱት። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር ካለ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ሰማያዊ ፕላስተር ይሁን፤ ሌላው ቀለም ይገሽልጥና ያስከፍላል። በጣራው ላይ ያለውን የጭስ ጠቋሚና የውሃ መርጫ ግን በምንም ነገር አይሸፍኑ፤ ጌጥም አያንጠልጥሉበት።

ሰው ይመድቡ። የድሮ ግብር ቤት አጋፋሪና አሳላፊ እንደነበረው ሁሉ እዚህም ሁለቱ ያስፈልጋሉ። አጋፋሪው በር ላይ ይቆማል፤ ባጅ ያያል፤ ሰላም ይላል፤ ክፍሉ ሲሞላ «አሥር ደቂቃ ይታገሡን» ይላል። አሳላፊው መጠጡን ይቆጣጠራል፤ መታወቂያ ይጠይቃል። ሁለቱም በየሰዓቱ ይቀየሩ፤ ካልተቀየሩ ግብዣውን አላዩትም። ከእነዚህ ሌላ አንድ ሰው ሌሊቱን በሙሉ አልኮል የማይቀምስ መሆን አለበት፤ ጥበቃ ሲመጣ የሚያነጋግረው እሱ ነው።

አሁን ወደ ስሕተታችን ልምጣ። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «አንድ ብቻ» ይቅር። እንግዳ «አመሰግናለሁ፣ ይበቃኛል» ካለ በእውነት በቅቶታል። አለርጂ ሊኖርበት፣ ከመጠጥ ሱስ ለመዳን እየታገለ ሊሆን፣ ወይም ዝም ብሎ ሳይፈልግ ሊቀር ይችላል፤ ሁለተኛ ከጠየቁት ያስጨንቁታል፤ ሦስተኛ ከጠየቁት ይወጣል። ጉርሻም እንደዚያው ነው፤ በዚያ ክፍል ለማያውቁት ሰው አይጎረስም። ይህን መተው መጀመሪያ ላይ ንፉግ የሆንኩ ያህል ከብዶኝ ነበር። ቆይቶ ግን ሰዎች ዘና ብለው ሲቆዩ አየሁና ደስ አለኝ።

ምግብ

የእኛ የቡና ቁርስ ለእንዲህ ዓይነት ግብዣ የተፈጠረ ይመስላል፤ በእጅ የሚበላ፣ የማይንጠባጠብ፣ ብዙው የጾም የሆነ። ሕምባሻ፣ ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ። ወጥ ግን አያምጡ፤ በርበሬና ዘይት የነካው የሆቴል ምንጣፍ አይለቅም። ፈንዲሻውን ቤት ያፈንዱት፤ በክፍሉ ማይክሮዌቭ ካረረ ጭስ ጠቋሚውን ያስጮኸዋል።

ከእያንዳንዱ ሳህን ፊት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካርድ ያስቀምጡ፤ ምን እንዳለበት ሁሉ ይዘርዝር። ቆሎ ውስጥ ኦቾሎኒ አለ? ሱፍ አለ? ሰሊጥ አለ? ኦቾሎኒ ሊገድለው የሚችል ሰው ክፍልዎ ውስጥ ሊኖር ይችላልና ኦቾሎኒውን ከቆሎው ለይተው ቢተዉት ይሻላል። ዳቦ ቆሎ ስንዴ ነው። እንጀራ ካቀረቡ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው ጤፍ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ፣ ለአንዳንድ ሰው የማይስማማ ፕሮቲን) እንደሌለው አንብቦ ይመጣል፤ በአሜሪካ ከገበያ የሚገዛው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ነው። ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ራስዎ ካልጋገሩት «ግሉተን የለውም» ብለው አይጻፉ።

ቡናው

ግብዣዎን ከሌላው የሚለየው ይህ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚህ ነው። በሁለተኛው ግብዣዬ ላይ ትንሽ ቁንጣሪ ዕጣን አጨስኩ። መስኮቱ አይከፈትም ነበር። የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ የፎቁ እንግዳ ሁሉ በደረጃ ወረደ፤ በክራንች የምትሄድ አንዲት ሴትም ከእነሱ ጋር ነበረች። የጎረቤቶቻችን ግብዣ ሁሉ ከአርባ ደቂቃ በላይ ተቋረጠ። የእሷን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ ዕጣን የለም፤ ቡና መቁላት የለም። ከሰልማ ፈጽሞ አይታሰብ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጋዙ ሰው ይገድላል። ቄጤማም ምንጣፍ ላይ አይጎዝጎዝ፤ የጽዳት ክፍያ ያስከትላል።

ቡናውን በዋዜማው ቤት ቆልተው፣ ወቅጠው ወይም ፈጭተው፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ይዘው ይምጡ። ለ50 ሲኒ 400 ግራም ያህል ይበቃል። ቤትዎ ቅርብ ከሆነ አፍልተው በፔርሙስ ማምጣት ይቀልላል። ሩቅ ከሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ በክፍል ውስጥ ብዙ ሆቴሎች ስለማይፈቅዱ በውሃ ማፍያ ይጠቀሙ። ጀበናውን በሙቅ ውሃ አለቅልቀው ያሙቁት፤ አለበለዚያ ሸክላው ይሰነጠቃል። ቡናውን ጨምረው የፈላ ውሃ ይሙሉበት፤ ስድስት ደቂቃ ያህል እስኪሰክን ይጠብቁ፤ ቀስ ብለው ይቅዱ። ከምድጃ የወረደውን ያህል አይሆንም። ቢሆንም ጥሩ ቡና ነው።

የሚቆላውን ቡና ጭስ ለእንግዳ አዙሮ ማስሸተት ስለማይቻል፣ እኔ የተፈጨውን ቡና ዕቃ እንግዶች ፊት ከፍቼ ከእጅ ወደ እጅ አዞረዋለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አቦል፣ ቶናና በረካን ደግሞ ሰዓት ይስጧቸው። በበሩ ማስታወቂያ ላይ አቦል ሦስት ሰዓት፣ ቶና አራት ሰዓት፣ በረካ አምስት ሰዓት ብለው ይጻፉ፤ ሦስቱ ምን ማለት እንደሆኑም ከሥሩ በአጭሩ ያስረዱ። የጉባኤ ሰው ከክፍል ክፍል ይዞራል፤ አንድ ቦታ ሁለት ሰዓት አይቀመጥም። ሰዓቱ ሲጻፍለት ግን ይመለሳል፤ «በረካው እንዳያመልጠኝ» እያለ እየሮጠ የመጣ አይቻለሁ። በሌላ ምሽት የትም ያልተገናኙ ሰዎች በሦስተኛው ዙር ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኟቸዋል።

መጠጥ

በአሜሪካ አልኮል ለመጠጣት 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ ሕጉን ሳይጠብቁ የቀዱለት ልጅ ጉዳት ቢደርስበት ተጠያቂው አዘጋጁ ነው። ገንዘብ አይቀበሉ፤ የመዋጮ ማሰሮ በጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ እንኳ እንደ ሽያጭ ሊቆጠርና ፈቃድ ሊያስጠይቅ ይችላል። በቤት የወጣ አረቄ ይዘው አይምጡ። ጠጅ ከፈለጉ ከመደብር የታሸገውን ይግዙ፤ የማር ወይን የሚወዱ ብዙ ናቸውና ደስ ይላቸዋል። በጉባኤዎች የቆየው ብልሃት የገላ መታጠቢያውን ገንዳ በበረዶ ሞልቶ መጠጡን እዚያ ማቀዝቀዝ ነው፤ ከሥር ፎጣ ያንጥፉ፤ ከጠርሙስ ቆርቆሮ ይምረጡ። በረዶውን ከመደብር በከረጢት ይግዙ፤ የፎቁን ማሽን ባዶ ማስቀረት ጎረቤትን መበደል ነው።

እኔ ራሴ ካለፉት አራት ግብዣዎች ወዲህ አልኮል አላቀረብኩም። መታወቂያ መጠየቅ ቀረልኝ፤ የመጣው ሰው አልቀነሰም።

ሲዘጋ

ከግብዣው በፊት በግራና በቀኝ ያሉትን ክፍሎች አንኳኩተው ሰዓቱን ይንገሯቸው፤ ሕምባሻ ቆርሰው ይስጧቸው። ጥበቃ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በጎረቤት ነው። መጀመሪያ ሲመጣ በትሕትና ያስጠነቅቃል፤ ሁለተኛ ሲመጣ ይዘጋል። በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በሩን ገርበብ አድርገው ድምፅ ይቀንሱ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው መብራቱን ሙሉ በሙሉ ያብሩና «የመጨረሻው ሲኒ» ይበሉ። መሸኘት ልማዳችን ነው፤ እንግዶችን እስከ አሳንሰሩ ይሸኙ። ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚቀረውን ጨዋታም በዚያው ይዘው ይወርዳሉ።

ቆሻሻውን በዚያው ሌሊት በከረጢት ያሰናዱ፤ የፈሰሰ ነገር ካለ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቡ። ጠዋት ለክፍል አጽጂዋ ከተለመደው በላይ ጉርሻና የምስጋና ማስታወሻ ይተዉላት፤ ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው፤ የእኛን ድካም እነሱ ላይ ማራገፍ ነውር ነው። ሲወጡ ሒሳቡን መስመር በመስመር ያንብቡ፤ የውጪ ምግብ ክፍያ ተጨምሮ ካገኙ ያን በጽሑፍ የያዙትን ፈቃድ ያሳዩ።

የተረፈውን ሕምባሻና ዳቦ ቆሎ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ኮን ስዊት ይውሰዱት። የተጻፈባቸውን ካርዶች አብረው ማስቀመጥዎን አይርሱ።